የባትሪ ቤቱ ቁልፍ

ውድ ወንድሜ ሱፍዋን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ የአላህ ነውና አላስቀረሁብህም። ከሰላምታው በኋላ ያለው ግን የእኔ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ወረቀቱን እንዳታጥፈው። ሦስት ጊዜ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ "መሊኬ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ መልሼ እደውላለሁ" አልከኝ። መልሰህ አልደወልክም። ደብዳቤ ኔትወርክ አይፈልግም። የሎግያው መኪና ሹፌር እጅ በእጅ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ።

እህታችን ኢልሀም በሕይወት አለች። አስቀድሜ የምነግርህ እያነበብክ ልብህ እንዳይሰቀል ብዬ ነው፤ ይህን ያህል አሁንም አዝንልሃለሁ። ስድስት ቀን ሸዋ ሮቢት ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። ከስታ አንገቷ ብቻ ቀርቷል። ስላንተ ስትጠይቀኝ "ሥራ በዝቶበት ነው" ብያታለሁ፤ ስለ አንተ የምዋሸው የመጨረሻው ውሸት ይህ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ሸዋ ሮቢት ለሥልጠና የተቀመጥንበትን ሃያ አንድ ቀን ታስታውሳለህ? ያ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ፣ ከምሳ በኋላ ላብ ከግንባራችን ደብተሩ ላይ ጠብ ጠብ ሲል። አሰልጣኙ ስለ ባትሪ ውሃ ሲነግረን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። "ሶላሩ ራሱን ይችላል፣ አቧራውን ብቻ ጥረጉለት። ባትሪው ግን እንደ ጥጃ ነው፣ ካላጠጣችሁት ይሞታል። ደብረ ሲና ቢሆን በወር አንዴ ይበቃ ነበር። የናንተ አገር ቆላ ነው፤ በየአስራ አምስት ቀኑ ክዳኑን ከፍታችሁ ካላያችሁ እኔን አታውቁኝም" አለን። አንተ የባትሪ ውሃ መለኪያዋን ማንበብ አልሆንልህ ብሎህ ተናደድክ። ምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔና አንተ እዚያው ቀርተን፣ የምትንሳፈፈው ቀይ መስመር ጋ እስክትደርስ እንዴት እንደሚጠበቅ አሳየሁህ። በፈተናው እኔ ዘጠና አንድ፣ አንተ ስልሳ አራት አመጣን። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ "ለእማዬ ውጤቱን ባንነግራትስ?" አልከኝ። እኔም ዝም አልኩልህ። እንግዲህ የኔ ዝምታ የተጀመረው ከዚያ ነው መሰለኝ።

ሶላሩ ተተክሎ ርክክቡ የሆነው ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ነበር። የፕሮጀክቱ ሰዎች የሠለጠናችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፣ የባትሪ ቤቱን ቁልፍ ሁለታችሁም ያዙ ብለው ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሼህ አብዱልሰመድ ግን ተነሡ። "መሊካ ጎበዝ ናት፣ ማሻአላህ። ግን ሴት ልጅ ነገ ታገባለች። ማጀቴ ከተማም ይሁን አሊዩ አምባ፣ ባሏ ወዳለበት ትሄዳለች። ቁልፍ የሚሰጠው እዚሁ ለሚቀር ሰው ነው" አሉ። ሰዉም "እውነት ነው" አለ። ሁለቱም ቁልፎች በአንድ ክር ታስረው አንተ መዳፍ ላይ ተቀመጡ። ፋቲሃ ተቀራ። "ይህ አማና ነው፣ አደራ ነው ሱፍዋን፣ አላህም እኛም ምስክር ነን" አሉህ። አንተ ጫማህን ታይ ነበር። ውጤቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፤ አንድ ቃል ብትናገር ይሰሙህ ነበር። "እሷ ትበልጠኛለች" ማለት እንኳ አይጠበቅብህም ነበር፣ "አብረን እንያዘው" ብትል ይበቃኝ ነበር።

የምትቀረው አንተ፣ የምትሄደው እኔ መሆናችን ነበር። ይኸው እኔ እዚህ ነኝ፣ አንተ ሎግያ ነህ።

ልዋሽብህ አልፈልግም፤ ሁለት ዓመት በደንብ ሠርተሃል። ጣሪያ ላይ ወጥተህ የሶላሩን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ አይቻለሁ። ስልሳው ቤት መብራት ያገኘው፣ ጤና ኬላው ፍሪጅ የገባለት በዚያ ነው። ኢልሀም የስኳር መድኃኒቷን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የጀመረች ቀን ምን ያህል እንደተደሰትን አትረሳውም። ከዚያ በፊት እኮ ብልቃጦቹን እርጥብ አሸዋ የተሞላ ገንቦ ውስጥ ነበር የምትቀብራቸው፤ አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ውሃ እያርከፈከፈች። ፍሪጁ ሲመጣ ያን ገንቦ አፉን ሰብረን የዶሮ ውሃ ማጠጫ አደረግነው። እኔ ነኝ የሰበርኩት። እየሳቅሁ ነው የሰበርኩት።

ጥር ላይ ሎግያ ሥራ አገኘህ። በዚያችው በሸዋ ሮቢቷ ሰርተፍኬት። የሰው አገር ሶላር ልትተክል፣ የራስህን ጥለህ። አልተቀየምኩህም፣ እንዲያውም ሻንጣህን ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። መንገደኛ እንደሚያደርገው ሁሉ በየቤቱ እየዞርክ አፉ በሉኝ ስትል ዋልክ። መጨረሻ ላይ አጥሩ በር ላይ ሁለቱንም እጄን ይዘህ "መሊኬ፣ አውቄም ሳላውቅም ላጠፋሁት አፉ በዪኝ" አልከኝ። ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር። መለየቱ ከብዶህ መስሎኝ "አፉ ብዬሃለሁ፣ አንተ ደግሞ ምን አጥፍተህ ታውቃለህ" ብዬ ሳቅሁብህ። ቀጥዬ ቁልፉን ጠየቅሁህ። "እኔ ጋ ይሁን፣ በየወሩ መምጣቴ አይቀርም፣ አታስቢ" አልከኝ። እኔም አላሰብኩም።

የካቲት አልመጣህም። መጋቢት ላይ መብራቱ ገና ከመሸ ብዙም ሳይቆይ መድከም ጀመረ። እኔ ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ያን ጊዜ ባልሠለጥን እንኳ ይገባኝ ነበር። ሼህ አብዱልሰመድ ደወሉልህ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገውት አጠገባቸው ነበርኩ። "ሼህ፣ በሩን እንዳታስነኩት። ያለ ባለሙያ ከተከፈተ ይፈነዳል። በሳምንቱ ኢንሻአላህ እመጣለሁ" አልካቸው። ያለ ባለሙያ! ባለሙያዋ እኮ ጎናቸው ተቀምጣ ትሰማሃለች። ወላሂ ሱፍዋን፣ ያን ቀን ስልኩን ነጥቄ "መለኪያዋን ማን አስተማረህ?" ልልህ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ተውኩት። ሰው ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ተውኩት።

ሚያዝያ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ተደወለልህ፤ ዘጠኝ ጊዜ እመጣለሁ አልክ። በዚሁ መሐል ቢጫ ኮፍያ አጥልቀህ ሶላር ሥር ቆመህ የተነሣኸውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፍክ። የጎረቤት ልጆች አምጥተው አሳዩኝ። ሶላሩ ሲያንጸባርቅ ፊትህን ማየት ያስቸግራል። የኛው ሶላር በወፍ ኩስ ተሸፍኗል፣ መሰላሉንም ባትሪ ቤቱ ውስጥ ቆልፈህበት ነው የሄድከው።

ሼህ አብዱልሰመድ ቤት ሄድኩ። "ሼህ፣ መዶሻ ቤታችን አለ። ጓጉንቸሩን ልስበረውና ባትሪዎቹን ውሃ ላጠጣቸው" አልኳቸው። ተቆጥተው አልመለሱልኝም፣ እንዲያውም አዘኑ። "ልጄ፣ አላህን ምስክር አድርገን የሰጠነው አማና ነው። ልጁ አልሞተ፣ አልካደ፣ እመጣለሁ እያለ ነው። እመጣለሁ የሚልን ሰው ከኋላው በሩን ሰብረን ብንገባ እኛ ምን ልንባል ነው? ነገ ማን ምን አምኖ ያኖርብናል?" አሉኝ። እዚያ ቤት ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌዎችም አንገታቸውን ነቀነቁ። ሰውን አታውቀውም እንዴ? ይህ መንደር ወርቅ አደራ ቢሰጡት አፈር ሆኖ እስኪቀር አይነካውም። አንተ ይህን አውቀህ ነው "በሩን እንዳትነኩ" ያልከው። ቁልፉ ሳይሆን የሰዉ ጨዋነት ነው የቆለፈልህ።

እኔም "ልክ ናችሁ፣ እሱ ይመጣል፣ እኔ ዋስ እሆነዋለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ግንቦት አምስት ቀን ጤና ኬላ ሄድኩ። መሠረትን ታውቃታለህ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን፤ ነገር ማለዘብ አትወድም። የሕፃናቱን ክትባት በበረዶ ሣጥን አድርጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ልትልክ ስታሰናዳ አገኘኋት። "ፍሪጁ ቀን ሲሠራ ሌሊት ሲጠፋ ሰንብቷል፣ አሁን ጭራሽ አልያዝ ብሏል። የእህትሽንም መድኃኒት አብሬ ልላከው፣ ሆስፒታል ሄዳችሁ ታመጣላችሁ" አለችኝ። ያ ሮብ ነበር። አንተ ለዐርብ እመጣለሁ ብለህ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ለእማዬም ጭምር ነው ቃል የገባህላት።

"ወንድሜ ዐርብ ይመጣል፣ እስከ ዐርብ እዚሁ ይቆይ" አልኳት።

"እርግጠኛ ነሽ መሊካ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

መሠረት ትከሻዋን ሰብቃ ብልቃጦቹን እዚያው ተወቻቸው። ዐርብ አልመጣህም። ቅዳሜም አልመጣህም። ኢልሀም መርፌዋን በሰዓቱ ትወጋለች፣ ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። ውሃ ጥሙ ባሰባት፤ አንድ ጆግ ጠጥታ ሌላ ትላለች። እማዬ ሙቀቱ ነው አለች፤ ግንቦት ነውና ሁላችንም አመንን። ሰኞ ጠዋት ማስመለስ ጀመራት፣ ቀጥሎ በረጅሙ እየሳበች በጭንቅ ትተነፍስ ጀመር። ባጃጅ ውስጥ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሟን ስጠራት ዓይኗን ከፈት አድርጋ ታየኝና መልሳ ትከድናለች። ሆስፒታል ሐኪሙ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ዘርግቶ አየና "ይህ የት ነበር የተቀመጠው?" አለኝ። "ፍሪጅ ውስጥ" አልኩት። አፍሬ እንጂ ልዋሸው ፈልጌ አልነበረም።

በአምስተኛው ቀን፣ እሷ መናገር ስትጀምር፣ እማዬን አጠገቧ ትቼ ጠዋት ወደ መንደር ተመለስኩ። ጁምዓ ነበር። ሰዉ ሰግዶ እስኪወጣ ጠበቅሁ፤ እንደ ሌባ ተደብቄ መግባት አልፈለግሁም። መዶሻውን ይዤ ባትሪ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሼህ አብዱልሰመድ መጡ። "ልጄ" ብቻ አሉኝ። "ሼህ፣ ኢልሀም ልትሞት ነበር። እኔ ልስበረው፣ ኃጢአቱም በኔ ይሁን" አልኳቸው። ከበሩ ፈቀቅ አሉ። ጓጉንቸሩን አራት ጊዜ መታሁት፣ በአራተኛው ወደቀ።

ምን እንዳገኘሁ ልንገርህ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ከአስራ ስድስቱ ባትሪ አስራ አንዱ ደርቋል። ክዳናቸውን ስከፍት ውስጡ ያለው የእርሳስ ብረት ነጭ ለብሶ፣ ጎናቸው አብጦ ነበር። የባትሪ ውሃው ጀሪካን ጥግ ላይ ሙሉውን ተቀምጧል። ሙሉውን ሱፍዋን! ልጠይቅህ ይገባኛል፣ ጥር ላይ ከመሄድህ በፊት ለስንት ወር አላጠጣሃቸውም ነበር? ጀሪካኑ ላይ የነበረው አቧራ የአራት ወር ብቻ አልነበረም።

ይህም ይሁን። ግድግዳው ላይ የየአስራ አምስት ቀኑ መዝገብ ተንጠልጥሏል፣ ቀን፣ የውሃው ልክ፣ ፊርማ የሚለው ወረቀት። ገልጬ አነበብኩት። የካቲት አንድ፣ ሙሉ፣ ደህና ነው፣ ሱፍዋን። የካቲት አስራ አምስት፣ ሙሉ፣ ደህና ነው። መጋቢት፣ ሚያዝያ። ግንቦት አንድ፣ ደህና ነው። ግንቦት አስራ አምስት፣ ደህና ነው፣ ሱፍዋን። እኔ እዚያ ቤት የቆምኩት ግንቦት አስራ አራት ነው። አንተ ሎግያ ተቀምጠህ ነገ እዚህ መጥተህ ባትሪ አይተሃል። እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ሞልተኸዋል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ፣ በዚያ በማውቀው በሚያምረው ጽሕፈትህ።

ወረቀቱን አውጥቼ ለሼህ አብዱልሰመድ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ቀጥለው በሰዉ ሁሉ ፊት "አማና ያልነው ቁልፉን ነበር። አማናው ባትሪው መሆኑን ረሳን። መሊካ፣ አጥፍተናል" አሉኝ። የሰባ ዓመት ሰው ናቸው። አንተ የነሣኸኝን ቃል እሳቸው ሰጡኝ።

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ኢልሀምን ይዘን ከሆስፒታል የተመለስን ቀን ግን እማዬ የተሰበረውን በር ስታይ ደነገጠች። ቤት ገብታ ከሣጥኗ ሥር በሻሽ የተቋጠረ ነገር አወጣች። ፈታችው። ሁለቱ ቁልፎች፣ በዚያው ክር እንደታሰሩ።

"ለምን ሰበራችሁት? ቁልፉ እኮ እኔ ዘንድ ነበር" አለችኝ።

"እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አማና ነው ብሎ ሰጠኝ። ለማንም እንዳትሰጪ፣ ለመሊካም ቢሆን፣ አለኝ። የሰው አደራ በልቼ አላህ ፊት ምን ብዬ ልቁም?"

መድኃኒቱና ባትሪው እንደሚገናኙ እማዬ አታውቅም ነበር። ማንም አልነገራትም፤ አንተም፣ እኔም። ልጇ ውሃ ውሃ ስትል ቁልፉ ከአልጋዋ ሦስት እርምጃ ላይ ተቋጥሮ ነበር። ስነግራት ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑን ከፍታው አታውቅም፤ ልብሷን እንኳ እኔ ነኝ የማወጣላት። ይህን ለእናትህ ያደረግከው አንተ ነህ። አደራ ጠባቂነቷን ወስደህ ለውሸትህ መጋረጃ አደረግከው። "ለመሊካም ቢሆን" ያልከው ደግሞ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። ያን ወረቀት ከባትሪዎቹ ጋር አመሳክሮ ማንበብ የሚችል ሰው እዚህ መንደር ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ደግሞ የኔን ስማ፣ ስሰድብህ ብቻ ውዬ እንዳልቀር። መጋቢት ላይ መብራቱ ሲደክም በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ይየው ሰዉ አልኩ። ቁልፍ ለማን መሰጠት እንደነበረበት ይዩ አልኩ። መዶሻው ቤት ነበር፣ ሼህ አብዱልሰመድ እጄን አልያዙኝም። በለመንኳቸው ላይ አንድ ቀን ጠንክሬ ብጮህ ይሰሙኝ ነበር። ግን ነገሩ በደንብ እስኪበላሽ፣ ያንተ ስም እስኪወድቅ ድረስ፣ በአንድ በኩል ዋስህ ነኝ እያልኩ በሌላ በኩል እጠብቅ ነበር። የከፈለችው ኢልሀም ናት።

ይህን ለኢልሀም ነግሬያታለሁ። ሆስፒታል አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ብልቃጦቹን መሠረት ልትልክ ስትል እኔ እንዳስቀረሁ፣ መብራቱ ሲደክም ደስ እንዳለኝ፣ ሁሉን። ቀጥዬም አፉ በዪኝ አልኳት። "አፉ ብዬሻለሁ" አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ቁልፉን አሁን ማን ያዘው?" አለችኝ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

የአዲሱን ጓጉንቸር ቁልፍ አሁን ሦስት ሰው ይዞታል፤ መሠረት፣ ሼህ አብዱልሰመድና እኔ። አምስቱን ባትሪ በጀሪካኑ ውሃ አስነሥቻቸው ለፍሪጁ ብቻ አድርጌያቸዋለሁ። ስልሳው ቤት ጨለማ ነው፣ ወረዳው ባትሪ እስኪሰጥ ይጠብቃል፣ እስካሁንም ማንም አላጉረመረመም። ቁልፉን ስንረከብ በነበረው ስብሰባ አንድ ሽማግሌ "ብታገቢስ?" ብለው ጠየቁኝ። "ባሌ እዚህ ይመጣላ" አልኳቸው። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ሌላው ራሱን ነቀነቀ፣ ነገሩም በዚያው አለፈ። ለኢልሀም ደግሞ አዲስ ገንቦ ገዝቼ አሸዋ ሞልቼበታለሁ። ፍሪጁ ቢሠራም አሸዋው አይደርቅም፤ ጠዋትና ማታ ውሃ የማርከፈክፈው እኔ ነኝ።

አንተ የሞላኸው ወረቀት እኔ ጋ ነው። አልቀደድኩትም። ሰኔ አንድ "ደህና ነው" የሚለው ሥር የራሴን ጻፍኩበት፦ አምስት ባትሪ፣ አስራ አንድ ሙት፣ መሊካ። አስራ አምስትም እጽፋለሁ፣ ሠላሳም እጽፋለሁ፤ ያንተ ጽሕፈት እስኪያልቅ።

የምጨርሰው በዚህ ነው። ጥር ላይ አጥሩ በር ላይ አፉ ብዬህ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያልኩህ፤ አንተ ግን ለምን እንደምትጠይቀኝ እያወቅክ ነው የጠየቅከኝ። ወረቀቱን ሞልተህ፣ ቁልፉን ለእማዬ ሰጥተህ፣ ከዚያ መጥተህ ነው እጄን የያዝከው። ያ አፉታ ተሰርቆ የተወሰደ ነውና መልሼ ወስጄዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ካንተ ጋር የለም።

ከፈለግከው ና። በስልክ አይሆንም። መጀመሪያ እማዬ ፊት፣ ከዚያ ኢልሀም ፊት፣ ከዚያ ጁምዓ ሲወጣ ሰዉ ፊት ቆመህ ያደረግከውን አንድ በአንድ በስሙ ጥራ። የፈተናውን ውጤት ጨምረህ። ከዚያ ጠይቀኝ። ምን ብዬ እንደምመልስልህ ዛሬ አላውቅም።

ለሥራ እንደሚመጣ ሰው ሁን፣ እጅጌህን ሰብስበህ ና፤ መሰላሉ ወጥቷል፣ ሶላሩን የሚጠርግ ሰው እንፈልጋለን።

እህትህ መሊካ
የባትሪ ቤቱ ባለሙያ
ሰኔ ሦስት